አራት ሜትር በሦስት ሜትር፦ ሱቃችንን ከተማሪዎች ጋር ስናቅድ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሱቅ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ሐሙሲት ላይ በዋናው መንገድ ዳር ስለተከራየናት ክፍል ነው። አብዛኞቻችሁ አይታችኋታል። ርዝመቷ አራት ሜትር፣ ወርዷ ሦስት ሜትር ነው። አንድ በርና አንድ መስኮት አላት፣ ፊቷም ወደ ምዕራብ ነው። በዚች ክፍል ውስጥ የአባሎቻችን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ስፌትና ሽመና ሊሸጥ ታስቧል። ክፍሏ እንዴት ትደራጅ የሚለውን ለማጥናት አምስት የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ለአንድ ሴሚስተር አብረውን ሠርተዋል። ሥራው ለእነሱ ውጤት የሚያዝበት የቡድን ፕሮጀክት ነው። እኛም ለንድፉ ምንም አልከፈልንም። አሁን ግን እንጨትና ብረት መግዛት፣ አናጢና በያጅ መጥራት አለብን። ይህ ደግሞ ከቁጠባችን የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ያለ እናንተ ውሳኔ አይነካም።

ባለፈው ስብሰባ ሦስት ጥያቄዎች ተነስተው ነበር። አንደኛው «በጉሊት እየሸጥን ኖረናል፤ ሱቅ ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መደርደሪያ ለመሥራት አናጢ ይበቃል፤ ተማሪ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ልጆቹ ውጤታቸውን ይዘው ሲሄዱ እኛ ከወጪው ጋር እንቀራለን» የሚል ስጋት ነው። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ በየተራ እመልሳለሁ።

ጉሊት የሚያውቀውና የሚጎድለው

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። በገበያው ቦታ ይዛ የምትሸጥ ሴት ስለ ሱቅ አሠራር ብዙ ታውቃለች። ፀሐይ ፊቷን እንዳይመታት፣ ዕቃዋንም እንዳያጠወልግባት አስባ ትቀመጣለች። ማዳበሪያዋን አንጥፋ ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ትከምራለች። መደብ ማለት ደግሞ ትልቅ ዘዴ ነው። ሚዛን አያስፈልገውም፣ ዋጋውን ለማወቅም ማንበብ አያስፈልግም፤ ይህ ክምር ይህን ያህል ነው ብሎ ዓይን ይፈርዳል። ዝርዝር ብሯን በመቀነቷ ትይዛለች። ከቦታዋ ሳትነሳ ሁሉንም ዕቃ በእጇ ትደርስበታለች። ተማሪዎቹ መጀመሪያ እንዲያጠኑ የጠየቅነው ይህንኑ ነበር፤ መምህራቸውም ተስማማ።

ጉሊት የማይችለውም አለ። በክረምት ዝናብ ሲመጣ በርበሬና ሽሮ ይዞ ሜዳ ላይ መቀመጥ አይቻልም። ያልተሸጠው ዕቃ ማታ ተሸክሞ ቤት መመለስ አለበት። መሶብ ወይም ጋቢ ደግሞ የሚገዛው ሰው በየሐሙሱ አይገኝም፤ ገዢው አንድ ቀን እስኪመጣ ድረስ ዕቃው ሳይቆሽሽ የሚቆይበት ቦታ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርና በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገደኛ በከተማችን ያልፋል እንጂ ገበያው ውስጥ አይገባም። ሱቁ ጉሊቱን አይተካም። ሐሙስ ሐሙስ ጉሊታችን እንዳለ ይቀጥላል። ሱቁ የሚያገለግለው ለቀሩት ስድስት ቀናትና ጉሊቱ ለማይመቸው ዕቃ ነው።

ተማሪዎቹ ምን ሠሩ?

መጀመሪያ ያመጡት ሥዕል የሚያምር ነበር። ፊት ለፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ውስጡ ነጭ ቀለም፣ ከዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ረጅም ባንኮኒ ነበረው። አንዲት እናታችን ሥዕሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጆቼ፣ እኔ የምቀመጠው የት ነው?» አሏቸው። ሌላዋ አባል ደግሞ በርበሬውና ነጠላው በአንድ መደርደሪያ ላይ እንዴት እንደሚያድሩ ጠየቀች። ጥጥ ሽታ ይስባል፤ በርበሬ የሸተተ ነጠላ ደግሞ ማንም አይገዛም። መስታወቱም ቢሆን ምዕራብ ለሚያይ ሱቅ መከራ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል በቀጥታ ወደ ውስጥ ትገባለች። በርበሬው መልኩ ይለቃል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ የስፌቱ ቀለምም ይደበዝዛል።

ልጆቹ አልተከፉም። ጻፉት። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ሥራ የተጀመረው። አንድ ሐሙስና አንድ ሌላ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ቆመው ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆም፣ ሚኒባስ የት እንደሚያወርድ፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ወዴት እንደሚጠጋ መዘገቡ። ሁለት ዓይነት ገዢ እንዳለን ያወቅነው ከዚያ መዝገብ ነው። መንገደኛው ጥቂት ደቂቃ ብቻ አለው፤ መኪናው እንዳይሄድበት ስለሚፈራ ደጃፍ ላይ ሆኖ ያያል እንጂ አይገባም። የከተማዋ ሴት ግን ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ሩብ ኪሎ ሽሮ ትገዛለች፣ ስለ ልጅ ትጠይቃለች፣ አንዳንዴም በዱቤ ትወስዳለች።

አሁን ያለው ንድፍ ለሁለቱም ያስባል። መስኮቱ ወደ ታች ሰፍቶ መንገደኛው ከውጭ ሆኖ የሚገዛበት መሸጫ ይሆናል፤ እዚያ የሚቀመጠው ተመዝኖ የታሸገ ዕቃ ብቻ ነው። ከላዩ ጥላ የሚሰጥ የቆርቆሮ ክዳን ይወጣለታል። ይህ ክዳን ገዢውን ከፀሐይና ከዝናብ ያስጠልላል፣ የከሰዓቱንም ፀሐይ ከዕቃው ላይ ይከለክላል። ውስጡ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ቅመማ ቅመምና እህል ነክ ዕቃ፣ በሌላው ወገን ደግሞ በሩ አጠገብ አየር በሚያገኝበት በኩል ሽመናና ስፌት ይቀመጣል። ቅቤና ማር ከጀርባው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ ይሆናሉ።

መጠኑንም በወረቀት ብቻ አላመንነውም። ተማሪዎቹ በመጀመሪያ ክፍሏን በካርቶን በ1 ለ20 ሠሯት፤ አራቱ ሜትር ሃያ ሳንቲሜትር፣ ሦስቱ ሜትር አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ሆነ። ክዳኑ ስለሚነሳ ትንንሾቹን መደርደሪያዎች በጣታችን እያንቀሳቀስን ተከራከርን። ቀጥሎ በግቢያችን መሬት ላይ በአመድ ክፍሏን በእውነተኛ ልኳ አሰመርን። ባንኮኒው ያለበት ቦታ ላይ ጠረጴዛ አቆምን፣ ጋቢ ለብሰን ልጅ አዝለን ገባን። በወረቀት ላይ በቂ የመሰለው የ60 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ልጅ ያዘለችን ሴት እንኳ እንደማያሳልፍ ታየ። ወደ 90 ሳንቲሜትር ሰፋ፤ በሩም እንደዚሁ ይሰፋል። 90 ሳንቲሜትር በተሽከርካሪ ወንበር ለምትሄድ ሴት የሚያስፈልግ ስፋት ነው። ደፉ ላይ ያለው ደረጃም በዝግታ በሚወጣ ተዳፋት ይተካል፤ ከፍታው አሥር ሳንቲሜትር ከሆነ ተዳፋቱ ቢያንስ 120 ሳንቲሜትር ይረዝማል።

የመደርደሪያውን ከፍታ የለካነው በራሳችን እጅ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ላይኛው ጠፍጣፋ ሁለት ሜትር ላይ ነበር። ከእኛ መካከል ወንበር ላይ ሳትወጣ እዚያ የምትደርስ ጥቂት ናት። አሁን በየቀኑ የሚነካ ዕቃ ከ170 ሳንቲሜትር በላይ አይቀመጥም። ከባድ ማዳበሪያ ከታች ይሆናል፤ ነገር ግን መሬት ሳይነካ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፤ ከርጥበት እንዲድን፣ ከሥሩም መጥረግ እንዲቻልና አይጥ እንዳይደበቅበት። መብራት ስለሚጠፋም ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ ተነስቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ይተካል።

ከአምስቱ ተማሪዎች ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ይህም ጠቅሞናል። ለወንዶቹ ያልነገርናቸውን ለእነሱ ነግረናቸዋል። ሻጯ ብቻዋን ስትሆን ከኋላዋ የሚገባ ሰው እንዳይኖር መቀመጫዋ በሩንም መስኮቱንም የሚያይበት ማዕዘን ላይ ሆነ። ጡት የምታጠባ ሻጭ የምትከለልበት መጋረጃም ተጨመረ። የገንዘብ ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በሻጯ፣ ሌላው በገንዘብ ያዧ እጅ ይሆናል። እነዚህን አንድ ሰው ብቻውን ቢቀመጥ አያስባቸውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። አንዱ ተማሪ ጥሩ ይስላል፣ አንዷ ጥሩ ታዳምጣለች፣ አንዱ የእንጨት ዋጋ ጠይቆ ይመጣል። አናጢ ያስፈልገናል፤ መደርደሪያውን የሚሠራው እሱ ነው። ግን አናጢው የሚሠራው የነገሩትን ነው። ምን እንደምንነግረው የተረዳነው ከእነዚህ ልጆች ጋር በሠራነው ሥራ ነው።

የዓይን ከፍታ የማን ነው?

አንድ ያልተስማማንበት ነገር ነበር፤ እሱንም ልንገራችሁ። በየትም አገር ሱቅ ያለው ሰው እንደሚያውቀው በዓይን ከፍታ ላይ ያለ ዕቃ ቶሎ ይሸጣል፤ ከጉልበት በታች ያለው ይረሳል። ታዲያ የማን መሶብ ዓይን ላይ ይቀመጥ? የጎበዟ ሰፊ ይቀመጥ ቢባል አዲሷ አባል መቼ ትሸጣለች? ተማሪዎቹ የሚያምረው ዕቃ ፊት ይሁን ብለው ነበር። ኮሚቴው ግን ቦታው በየወሩ እንዲዞር ወስኗል። እያንዳንዱ ዕቃ የአባሏን ቁጥር የያዘ ወረቀት ይንጠለጠልበታል፤ ሲሸጥ ወረቀቱ ተቀድዶ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ በወሩ መጨረሻ በዚያ ይተሳሰባል። ዋጋውም በጉልህ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥር ለማታነብም በብሩ ቀለም የተቀባ ምልክት ይኖረዋል፤ ብሩን በቀለሙ የማያውቅ የለምና።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የመጀመሪያው ምሳሌያችን ጎረቤታችን ናት። በፎገራ ወረዳ ያለችው አውራ አምባ በ1964 ዓ.ም በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተች ማኅበረሰብ ናት። ሴቱም ወንዱም ይሸምናል፤ ለሚመጣው እንግዳም የሸመኑትን ይሸጣሉ። ገዢው ጋቢውን ከመግዛቱ በፊት ሲሸመን ያያል። በአዲስ አበባም ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሽመና ተምረዋል፤ ነጠላና ሻርፕ እየሠሩ በራሳቸው ግቢ ይሸጣሉ። ከሁለቱ የወሰድነው አንድ ሐሳብ ነው። በእኛም ሱቅ በሩ አጠገብ አንዲት አባል ስንደዶና አክርማዋን ይዛ ስፌቷን እየሰፋች የምትቀመጥበት ዱካ ይኖራል። የሚሠራው ሲታይ ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

«የአርከበ ሱቅ» የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። አቶ አርከበ ዕቁባይ የአዲስ አበባ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን ለጥቃቅንና አነስተኛ ሠራተኞች በየመንገዱ ዳር የተሠሩ ትንንሽ ሱቆች ናቸው፤ ስማቸው እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ አለ። ብዙ ሰው በጥቂት ካሬ ሜትር ውስጥ እንጀራ ሊበላ እንደሚችል አሳይተዋል። የቆርቆሮ ግድግዳ በፀሐይ እንደሚግል፣ መንገድ ዳር ያለ ቦታም ዘላቂ እንዳልሆነ ግን ማሰብ አለብን። ከአዲስ አበባ የጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም እየዘለቀ ነው። ስለዚህ መደርደሪያችንና ባንኮኒያችን ከግድግዳው ጋር በሲሚንቶ አይያዙም። በብሎን ይታሰራሉ፤ ብንነሳ ፈትተን ይዘናቸው እንሄዳለን።

ዕቃው ሁሉ ክፍት ሆኖ ገዢው ራሱ ያንሳ ያላችሁም ነበራችሁ። ይህ አሠራር በዓለም የታወቀው በ1916 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ክላረንስ ሳውንደርስ ፒግሊ ዊግሊ የተባለውን መደብር ከከፈተ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ገዢው ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ ይጠይቃል፣ ሻጩ ያቀብላል፤ የእኛም አገር ሱቅ እስከ ዛሬ በአብዛኛው እንደዚያው ነው። ራስን ማስተናገድ የሻጭ ቁጥር ይቀንሳል። የሚሆነው ግን ዕቃው ታሽጎ ዋጋ ሲለጠፍበት ነው። በአሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ውስጥ የተፈጨ በርበሬ እየተቀዳ ይህ አይሆንም። ስለዚህ ስፌቱና ሽመናው በእጅ የሚነካ፣ የሚሰፈረው ግን ከባንኮኒ ወዲያ እንዲሆን አደረግን።

ልጆቹ ሲሄዱስ?

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልምጣ። ተማሪ መሄዱ አይቀርም። በአላባማ ግዛት የሚገኘው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ በ1993 እ.ኤ.አ. በሳሙኤል ሞክቢና በዲ. ኬ. ሩት ያስጀመረው የገጠር የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪዎች በድሃ የገጠር ከተሞች ውስጥ እየኖሩ ከነዋሪው ጋር ቤትና የሕዝብ መገልገያ ይሠራሉ፤ ቶማስተን በምትባል ትንሽ ከተማም የገበሬዎች ገበያ ሠርተዋል። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ይለወጣሉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከአካባቢው አይነቅልም። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም ገደማ በአዲስ አበባ ልደታ ባለው ሕንፃ ኮሌጅ የእኛና የስዊዘርላንድ ተማሪዎች አብረው ከአፈር ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሠርተው አሳይተዋል። የተማሪ ሥራ ከወረቀት አልፎ የሚቆም ነገር ሊሆን ይችላል። የሚቆመው ግን ተረካቢ ሲኖረው ነው።

ተረካቢዎቹ እኛ ስለሆንን ከተማሪዎቹና ከመምህራቸው ጋር በጽሑፍ የተስማማንባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

1. የእያንዳንዱ ዕቃ ልኬት በአማርኛ ተጽፎ፣ የሐሙሲት አናጢ አንብቦ ሊሠራው በሚችል መልኩ በእጃችን ይቀራል።

2. እዚህ የማይገኝና እዚህ የማይጠገን ነገር በንድፉ ውስጥ አይገባም። መስታወቱ የቀረው በዚህም ምክንያት ነው።

3. ሥራው በሁለት ዙር ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር የመስኮቱ መሸጫ፣ ክዳኑና የአንዱ ወገን መደርደሪያ ይሠራል። ስምንት ሳምንት ከሸጥንበት በኋላ የሚለወጠውን ለውጠን ሁለተኛውን እንጀምራለን።

4. ተማሪዎቹ ከክረምት በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሰው ዝናቡ ምን እንዳደረገ ያያሉ። መምህራቸው ይህን እንደ ትምህርቱ አካል ይቆጥረዋል።

በእኛ በኩል ደግሞ ሁለት ነገር ሳይፈጸም አንድ ምስማር አይመታም። አንደኛው የክፍሏ ኪራይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በጽሑፍ መዋዋሉ ነው። በሰው ቤት ላይ ገንዘባችንን አፍስሰን በስድስት ወር ውጡ እንዳንባል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወጪው ካለን ቁጠባ እንዳያልፍ ነው። ብድር የሚያቀርብልን አለ፤ ኮሚቴው ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን አልተቀበለውም።

አንድ ስጋትም አልሸሽግም። መንገድ የሚዘጋበትና መንገደኛ የሚጠፋበት ሰሞን እንዳለ ሁላችንም አይተናል። መንገደኛ ላይ ብቻ የቆመ ሱቅ በዚያ ሰሞን ይዘጋል። ለዚህ ነው ሩብ ኪሎ ሽሮ የምትገዛዋ የሠፈራችን ሴት በንድፉ ውስጥ መቀመጫ ያገኘችው፤ መንገዱ ቢዘጋም እሷ ትመጣለች።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ለግድግዳና ለዕቃ የሚሰጥ እርዳታ እናመሰግናለን፤ በዓይን ስለሚታይም መስጠቱ ይቀላል። አዲስ ሱቅ የሚፈተነው ግን ከተከፈተ በኋላ ባሉት ወራት፣ ሽያጩ ገና ሳይለመድ ኪራይ ሲደርስ ነው። መርዳት የምትፈልጉ ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ኪራይ እንድትጋሩን እንጠይቃለን። ከበሩ በላይ የማንም ስም አይጻፍም፤ እዚያ የሚጻፈው የሚሸጠው ዕቃ ነው።

እንግዲህ ለውሳኔ የቀረበው የመጀመሪያውን ዙር ወጪ ከቁጠባችን ማውጣት ነው። ዝርዝሩ በገንዘብ ያዣችን እጅ ነው። ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ የካርቶኑ ክፍል ጠረጴዛው ላይ አለ፣ በግቢው ያለውም የአመድ መስመር ዛሬ ጠዋት ታድሷል። እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ወጥታችሁ ግቡበት፣ ዞር ዞር በሉበት። የሚጠብባችሁ ቦታ ካለ ንገሩን። አመድ ስለሆነ ዛሬ ጠርገን እንደገና ማስመር እንችላለን፤ ከእንጨቱ በኋላ ግን ያስከፍላል።